ከማሽላው ሥር ያለው ማሽን

ሰኞ

የጤና ጣቢያው በርና መስኮት ሥራ ለእኛ ተሰጠ።

መብራት መጥቷል፤ መበየጃ ማሽን ግን የለንም። ከወልድያው ወርክሾፕ የተረፈው ጣሪያው ነው። ጦርነቱ ሳይደርስ መርሳ የከፈትነው ቅርንጫፍ ጣሪያውም ሄዷል። ሠራተኞቼ እየተመለሱ ነው፤ ጠዋት ደጃፍ ላይ ይቀመጡና እኔን ያያሉ። አሠሪው፣ የፊታችን ሰኞ ካልጀመራችሁ ለደሴ ሰዎች እሰጠዋለሁ አለኝ። አልተቀየምኩትም። ሴቶች ሸራ ተጋርዶላቸው እየወለዱ ነው።

ደከመኝ።

ማክሰኞ

ፎርማናችን ሰይድ፣ የመርሳው ማሽን አልተዘረፈም አለኝ። ሲሸሽ በጋሪ ጭኖ ግራና መንደር ወስዶት፣ አጎቱ አያ ይማም ጓሮ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮታል። ላዩ እህል ነው።

«ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«እታለም፣ የሰው እህል የተቀበረበት አይወራም።»

በያጁ ተስፋዬ፣ «ዘርቶት ነው፤ ለመኸር ሁለት እናጭዳለን» አለ። ከተመለስን ወዲህ እንዲህ ስቀን አናውቅም። ኋላ ለብቻዬ፣ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ያልበዋል፣ ሽቦው ዝጎ ሊሆን ይችላል አለኝ።

ረቡዕ

ግራና ደርሰን መጣን።

«ማሽንሽ አለ ልጄ» አሉኝ አያ ይማም። «ችግሩ እህሌም አለ።»

ጉድጓድ አንዴ ከተከፈተ እህሉ በሙሉ ይወጣል። አየር ያገኘው ማሽላ እዚያው ቢመለስ ይበላሻል። ቤታቸው ሲበረበር ያተረፋቸው ይህ ጉድጓድ ነው፤ የልጆቻቸውም ቤተሰብ የሚበላው ከዚያው ነው።

«እንገዛዎታለን» አልኳቸው።

«ብር ይፈጫል እንዴ?» በቁጣ አልነበረም። ቀጥለው፣ ጦርነቱ ቢመለስስ አሉ። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ሐሙስ

ጠዋት ሠራተኞቼን፣ የራሳችንን ጣሪያ እናውርድ አልኳቸው። ቆርቆሮውን በመዶሻ አቅንተን፣ ጠርዙን አጣጥፈን፣ ያለ ብየዳ የእህል ሳጥን እንሠራለን። ማሽላው በዚያ ተከድኖ ሌላ ጉድጓድ ይገባል።

ተስፋዬ ቀና ብሎ አየ። «ዝናብ ቢመጣስ?»

«እንበሰብሳለን።»

«እሺ፣ መሰላል አምጡ።»

አንዱ ሳጥን ለምሳ ደረሰ። ውሃ ስንሞላው አንድ ጥግ አፈሰሰ፤ ከውጭ በሬንጅ ደፈንነው። ሰይድ ይዞት ሄዶ ማምሻውን ተመለሰ። አያ ይማም ሳጥኑን በዱላቸው መታ መታ አድርገው፣ ክዳኑን ከፍተው አሽትተው፣ «ነገ ጁምዓ ሰግጄ ከልጆቼ ጋር እመክራለሁ» ብለዋል።

ከፈቀዱ፣ ጉድጓዱ የታፈነው መጥፎ አየር እስኪወጣ ተከፍቶ ማደር አለበት፤ ቸኩሎ የገባ ሰው በሕይወት አይወጣም። ማሽኑ ቅዳሜ ይወጣል። ይሠራ አይሠራ ያን ጊዜ እናያለን።

የጣሪያው ግማሽ ወርዷል። ሌላውንስ አለኝ ተስፋዬ።

ከጁምዓ በኋላ አልኩት።