ያጠረችው መስመር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ይድረስ ለዋርሳዬ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ከሰላምታው አስቀድሜ ልጻፍልህ፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ወኔ ይከዳኛል። የክሊኒኩ ደረጃ ያጠረው በእኔ ነው። ባለቤቴ፣ ያንተው ወንድም፣ ልኩን ሲያነብልህ አልተሳሳተም። አንተም ስትቆርጥ አልተሳሳትክም። ሁለታችሁን ያጣላው እኔ የሰጠኋችሁ ወረቀት ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ ነበር፤ በዚያ ብርድ እንዴት እየሆንክ ይሆን? እኔ ጉልበቴን ከማማረር በቀር ደህና ነኝ።

ያኔ በንድፍ ቢሮው ከጽዳት ወደ ንድፍ ክፍል ከተዛወርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከቢሮው ቅርጫት ባወጣኋቸው የተጣሉ ፕላኖች እንደሆነ ታውቃለህ፤ «በር»፣ «መስኮት»፣ «ደረጃ» የሚሉትን ከሥዕላቸው ጋር እያስተያየሁ። አንተ «እትዬ ፊደል የቆጠረችው ከቅርጫት ነው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የኮምፒውተሩንም ሥራ ከመጽሐፍ ገጽ በገጽ እየለቀምኩ ነው የቻልኩት። የክሊኒኩ የብረት ደረጃ የመጀመሪያ ንድፌ ነበር፤ ብረቱን የምትሠሩት ደግሞ እናንተ። ወንድምህ ላገኘው ሁሉ «ሚስቴ የሳለችውን እኔ ልሠራው ነው» ይል ነበር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ልኩ ትክክል ነው። ሲታተም ግን ማሽኑ «ከወረቀቱ ጋር ላስተካክለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ካልከው ሥዕሉን ጨምቆ ወረቀቱ ውስጥ ያስገባዋል። እሺ አልኩት። ጠርዙ እንዳይቆረጥ የሚጠብቅልኝ መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ የረጅሟን ብረት ልክ በቁጥር መጻፍ ረሳሁ። እናንተም ያደረጋችሁት ማንም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው። በወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ በብረቱ ላይ አስር ነው ስለሚል፣ ወረቀቱን በማስመሪያ ለክታችሁ በአስር አበዛችሁት።

ደረጃው ሲቆም ከፎቁ ወለል ጋር ሳይገናኝ ቀረ። መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት። ከዚያ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። «ዕውር ነህ! ልክ ማንበብ አቅቶህ ነው!» አልከው በሠራተኛው ሁሉ ፊት። እሱም «አንተ ቆርጠህ አበላሽተህ በእኔ ታላክካለህ?» አለህ። አንድ ሰው፣ ቀለም ቀቢው ይመስለኛል፣ «ፕላኑስ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ወንድምህ ምን እንዳለው ታስታውሳለህ? «ፕላኑን ተወው። የሳለችው እሷ ናት።»

በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ማስመሪያ አወጣሁ። በንድፍ ግርጌ ሁልጊዜ አንዲት የመለኪያ መስመር አለች፤ በወረቀቱ ላይ ድፍን አስር ሴንቲ መሆን አለባት። አጥራ አገኘኋት። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። አፌን ብከፍት ወደ መጥረጊያዬ የሚመልሱኝ መሰለኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አንተ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ወንድምህ ከዚያ ወዲህ ልክ የሚነበብበት ቦታ ሲደርስ «እናንተ እዩት፣ የእኔ ዓይን አይታመንም» ይል ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ዓይኑ ደህና እንደሆነ ነገረው፤ እሱ ግን ሐኪሙን አላመነውም። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

ዛሬ ምን አንደበቴን እንደፈታው ደግሞ ልንገርህ።

ጡረታ ከወጣሁ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ልጆች በኮምፒውተር መንደፍን ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ይማሩ እያልኩ ከአንዱ ርዕሰ መምህር በር ወደ ሌላው ስንከራተት ከረምኩ። አንዱማ «እማማ፣ የሹራብ ክበብ ብናቋቁምልዎትስ?» አለኝ። በመጨረሻ አንዱ እሺ አለ። የድሮ ቢሮዬ የጣላቸውን ኮምፒውተሮች ለምኜ፣ የተሰበረ ወንበር ይከማችባት በነበረች ክፍል ደረደርናቸው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኛል። የቤተ መጻሕፍቱ የእንጨት ደረጃ በስብሶ ስለነበር፣ በብረት የሚተካውን እነሱ ራሳቸው ለክተው ነደፉት። ሐሙስ ሲተከል ከትምህርት ቢሮ ኃላፊዋ መጥታ ታያለች ተባለ። ከወደደችው ትምህርቱ በከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይገባል፤ ካልወደደችው ክፍላችን ተመልሳ የወንበር መጣያ ትሆናለች።

ብረቱን በልጆቹ ንድፍ የሠራልን በያጅ ቀልደኛ ነው። «እማማ፣ ኮምፒውተር የሳለው ደረጃ ስወጣበት ኤሌክትሪክ አይዘኝም?» እያለ ልጆቹን ሲያስቅ ቆየ። ብረቱን ለአራት ተሸክመው አስደገፉት።

አልደረሰም። መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት፤ ያው ራሱ።

ሳቁ ቆመ። በያጁ ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀው፣ መልሶ አቀረበው። «እኔ እንጃ... ለክቼው ነበር እኮ» አለ። ርዕሰ መምህሩ ቀልጠፍ ብሎ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «ክብርት ኃላፊ፣ ይሄ የብየዳ ነገር ነው። ልጆቻችን የነደፉት ትክክል ነው!» አላት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። አንድ ነገር ሲፈልግ «እናታችን» ነው የሚለኝ።

«እናታችን፣ ራስዎን ብቻ ይነቅንቁልኝ። የበያጅ ስህተት ማንንም አያስገርምም። ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ ነቀነቅኩ።

ኃላፊዋ በያጁን «ለመሆኑ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይተሃል?» አለችው። አልቀለደም። ሜትሩን ጠቅልሎ ለሥራ ባልደረባው አቀበለውና «እስቲ አንተ ለካ» አለው።

«ወረቀቱን ስጠኝ» አልኩት። ጮኬ ኖሯል፣ ሁሉም ዞሩ። ማስመሪያዬን በግርጌዋ መስመር ላይ አስተኛሁት። አጥራለች። የእኛ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ፣ ሳይጠይቅ በሚጨምቀው በትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ማሽን ያተምነው ወረቀት ነበር፤ ከልኮቹም አንዱ ቁጥሩ አልተጻፈም። ሌላ ጊዜ መስመሯን ሳልለካ ወረቀት ከእጄ አይወጣም። ያተምን ዕለት ግን ኃላፊዋ ልትመጣ ነው ሲሉኝ ተደናግጬ፣ ሳልለካ ፈረምኩበት።

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አልኩ። «ወረቀቱ ሲታተም ተጨምቋል። ሳልለካ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እናታችን ደክመዋል፣ ወንበር አምጡላቸው!» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«አልደከመኝም።»

ኃላፊዋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃል?»

«ደርሶ ያውቃል።»

«የት?»

«ቤቴ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። «በሚቀጥለው ወር ኮሚቴው ፊት ቀርበው ይህንንም ያንንም ያስረዳሉ። እስከዚያ ክፍሉ ይዘጋ» ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ፤ «እናታችን» አላለኝም። ልጆቹ ከበውኝ «ቲቸር፣ ሰኞ እንመጣለን?» አሉኝ። በያጁ ብቻ ዕቃውን እየሰበሰበ «እማማ፣ አይጨነቁ፤ ብረት ይቀጠላል» አለኝ።

እንግዲህ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። የክሊኒኩን ደረጃ ሳልደብቅ እናገራለሁ። «ሁለት ጊዜ የሳተች አሮጊት ልጆቻችንን ታስተምር?» ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኔ ይቅርብኝ፤ ሌላ ሰው ያስተምራቸው። ትምህርቱ ግን አይቅር፤ ልጆቹ ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ ኮምፒውተር ያተመውን ሁሉ ሳይለኩ ለሰው እንዳይሰጡ ይማሩ። ይህን ብዬ እከራከራለሁ። ብቻ እንግዳ ሰዎች ከመስማታቸው በፊት አንተ መስማት ነበረብህ። ስብሰባው እስኪደርስ ደብዳቤው ይደርስልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም። እኔን እንዳሻህ ያዘኝ። ወንድምህን ግን ዕውር ነበር ብለህ አትያዘው። ደህና አድርጎ ያይ ነበር። አንተም ያን ቀን የቆረጥከው፣ የተነገረህን ልክ ነበር፣ አንዲት ፀጉር ሳታዛንፍ።

የብረት ሥራ ቤታችሁን ለማንም አላከራየሁትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እጅህ አይዛል፣ ጤና አይለይህ፣ ደጅህ ሰው አይጣ። ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ።

እትዬ

ይህን ደግሞ ልጨምር። እስከ ዛሬ የላክሁልህ ፖስታ ሁሉ፣ የወንድምህን መታመም የጻፍኩበት ሳይቀር፣ ሳይከፈት ተመልሶልኛል። ስለዚህ በዚህኛው ላይ ያንተን ስም አልጻፍኩም። እነዚህን ወረቀቶች የምትቀበለው ከማናችንም ጋር ያልተጣላችው ልጅህ ናት። ጮክ ብላ ታንብብልህ፤ ተነስተህ ብትወጣም ከኋላህ እየተከተለች ታንብብ።

ተቀባይ፦ ሚጢጢ።