የጀማል መታወቂያ

ኅዳር 3/78፣ ጠዋት
ወደ መጋዘን፣ ወደ ቡና ለቀማዬ ልወጣ ሻሼን ሳስር በሩ ተደበደበ። የቀበሌው ሊ/መንበር፣ ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር። ወንድምሽ ጀማል ከጦር ማሠልጠኛ ጠፍቷል፣ አምጪው አለኝ። ጀማል! ግንቦት ላይ በወባ ሞቶ ጅሬን መቃብር ቦታ የቀበርነው! ሳቄ መጣ። ወዲያው ደረቀ። እሱ እስኪገኝ ብለው እናቴን ወሰዷት።

ኅዳር 4
ቀበሌ ዋልኩ። ኑ መቃብሩን ላሳያችሁ አልኩ። መዝገቡ በሕይወት አለ ይላል አሉኝ። እንዴት አይል! መሞቱን መች አስመዘገብን። እናቴ ስሙ በቀይ ሲሰረዝ አላይም ብላ ነው። አንተን ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ ማስታወሻዬ፤ የስኳር ራሽኑም እንዳይቀነስብን ነው። ስድስት ወር በሙት ስም ሻይ አጣፈጥን።
በስሙ የጠፋው ማነው? መታወቂያውን የያዘ ነው እንጂ። መታወቂያው ደግሞ? ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ኮቱን እናቴ በአርባው ሰደቃ ሰጠችው፣ ሳትፈትሽ። የሟች ኪስ አይበረበርም ብላ። የወሰደው ከሊሙ ገነት የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። ያ ሌባ!

ኅዳር 6
የእናቴን ምሳ ቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ተቀበሉኝ። ፊቷን አላሳዩኝም። ሰውየውን ባገኘው በጥርሴ ነው የምዘለዝለው።

ኅዳር 7፣ ሊሙ ገነት
አገኘሁት። ቡና እያሰጣ። የጀማልን ኮት ለብሶ፣ ክርኑ ላይ እኔ የጣፍኩት እራፊ። ሰደብኩት። ማሎ እህቴ፣ እባክሽ ስሚኝ አለ።
ገበሬ ማኅበሩ ለውትድርና ሲመለምለው በጀማል መታወቂያ ሸሸ። ፎቶውን ላብ በልቶታል፣ ኬላ ላይ ማንም አልለየውም። ጅማ ሲደርስ በአፈሳ ተያዘ። ጀማል ተብሎ ማሠልጠኛ ገባ፣ ጀማል ተብሎ ጠፋ። እኛ ስኳሩን፣ እሱ ስሙን፤ ሁላችንም አንድ ሟች ጋጥን።
መታወቂያውን ሰጠኝ። እናትሽን አስፈቺበት አለ። ሳልጠይቀው የራሱንም ስም ነገረኝ። ሞኝ! በዚህ ዘመን ስም ይሰጣል?

ኅዳር 8፣ ማለዳ
ወስኛለሁ። መታወቂያውን አስረክባለሁ። ሞቱን ደብቀን ራሽን በላን እላለሁ፤ በእናቴ ፋንታ እኔ ልታሰር። ከማን ተቀበልሽ ይሉኛል። አልናገርም። ግን ቤቱን ይፈትሻሉ፣ አንተን ያገኙሃል፣ ማስታወሻዬ። የሰውየውን ስም ባልጽፍም ኮቱ ተጽፏል፣ ሊሙ ተጽፏል።
ለእናቴ ሻይ ጥጃለሁ፣ ያለ ስኳር። ማገዶ አነሰኝ። አንተ ትሞላዋለህ፣ ገጽ በገጽ።