ስለ ሌዘር ክፍላችን ሙቀትና ስለ መልካም ዕረፍትዎ

ለተከበሩ አቶ ኤርሚያስ፣ የምርምር ሕንፃችን አስተዳደር ኃላፊ፤
አትላንታ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር የተመቻቸ፣ እንቅልፍዎም እንደ ስልክዎ ማንም የማይቀሰቅሰው ይሁን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እኔ ሐምራዊት፣ በየቀኑ ከከተማው ዳር ካለችው ስማይርና እየነዳሁ መጥቼ በምድር ቤቱ ሌዘር ክፍል የምሠራ ተመራማሪ ነኝ። በአማርኛ መጻፌ በእንግሊዝኛ የላክኋቸው ኢሜይሎች ሳይከፈቱ ስለቀሩ፣ ምናልባት ችግሩ ቋንቋው ይሆን ብዬ ነው። ሥራችን አልኮል ውስጥ የሟሟ ቀለም በሌዘር ብልጭታ ተመትቶ ጠባዩ ሲለወጥ፣ በዙሪያው ያሉት የአልኮል ሞለኪውሎች ምን ያህል ፈጥነው ወደ እሱ እንደሚዞሩ መለካት ነው። ከእርስዎ መልስ በእጅጉ ይፈጥናሉ።

1ኛ. ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲሉ ቅዳሜና እሁድ የክፍሉን አየር ማቀዝቀዣ ስላስጠፉልን እናመሰግናለን። ክፍሉ ሲሞቅ የሌዘሩ መስታወቶች በጥቂቱ ይዛነፋሉ፤ ብልጭታው ዒላማውን ይስታል፤ ልኬቱም ገደል ይገባል። የባልደረባዬ የዑመር መመረቂያ ጽሑፍ የቀረው ይኸው ልኬት ብቻ ነበር። እናቱ ምርቃቱን ለማየት ከደሴ መጥተው፣ ስቶን ማውንቴን ሰፈር ባለው አፓርታማው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

2ኛ. አቤት ስንልዎ ራስዎ ምድር ቤት ድረስ መውረድዎ ትልቅ ክብር ነው። ሌዘሩን አይተው «ይኸው ይበራል አይደል? ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?» አሉን። በኋላ ዑመር ለእናቱ ደውሎ «እማዬ፣ ትንሽ ይቆያል» ሲላቸው ሰማሁ፤ እኔም እንባዬን እንዳያይ መስታወት የምወለውል መሰልኩ።

3ኛ. ይህኛው ንጹህ ምስጋና ነው። እርስዎ ለዕረፍት ፍሎሪዳ ሲሄዱ፣ ምክትልዎ ወይዘሮ መነን ማቀዝቀዣውን የሚያስጠፋ ስላልነበረ እንደበራ ተዉት። መስታወቶቹን እንደገና አስተካከልን። የአልኮሉ ምላሽ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ሲወጣ ዑመር በደስታ ጮኸ። ተመረቀም፤ እናቱ አዳራሹን በእልልታ ሞሉት።

ስለዚህ ለሳይንስ ያደረጉት ከፍተኛ አስተዋፅኦ አለመኖርዎ መሆኑን እየመሰከርን፣ ዕረፍትዎ በየዓመቱ እንዲረዝምልዎ ከልብ እንመኛለን።

በሙቀትዎ የቀለጥኩ፣ በርቀትዎ የተጠቀምኩ፣
ሐምራዊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በራችን ላይ «እባክዎ ጸጥታ ይጠብቁ» የሚል ማስታወቂያ ስላሰቀሉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ግድግዳውን በድሪል ያስበሱት ግን እኛ እየለካን ሳለ ነው።