የአባቴን ልብ ወለድ ለመስኮት ድጋፍ ላዋሉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የአሳታሚ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎም፣ ሁልጊዜ "ስብሰባ ላይ ናቸው" የምትልልዎት ጸሐፊዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ አርጅቶ ጡረታ የወጣውና ከጥቂት ወራት በፊት የቀበርነው ሰው ልጅ። አባቴን ካላስታወሱት፣ ኮሪደርዎ ወንበር ስለሌለው ባልተሸጠው የግጥም መጽሐፍዎ እሽግ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጠብቅዎት የነበረው ሽማግሌ ነው። ከግጥሞችዎ ጋር ያን ያህል ጊዜ ያሳለፈ ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1. አባቴ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አጥር ተካሰው የሚያረጁበትን ልብ ወለድ በእጁ ጽፎ ያለውን አንድ ቅጂ ሲያስረክብዎት፣ ሌላ ቅጂ ማስቀረት እርስዎን መጠርጠር መስሎት ነበር። እግሩ እስኪቀጥን ደጅ ሲጠናዎት ዛሬ ነገ እያሉ ትዕግሥት ስላስተማሩት እናመሰግናለን። ሽማግሌ ቤት ተቀምጦ ከሚያረጅ እየተመላለሰ ቢያረጅ ይሻላል ብለው ማሰብዎ የአሳቢነትዎ ምልክት ነው።

2. ራሳችን እናሳትመው እያልኩ ስለምነው፣ በግሉ የሚያሳትም ሰው ለገዛ ንግግሩ እንደሚያጨበጭብ ሰው ነው ብለው እርስዎ ያሉትን እየነገረ አፌን ያስዘጋኝ ነበር። እሱ የፈለገው የሚያውቅ ሰው አንብቦ "ይሁን" እንዲለው ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለገም። የእርስዎን ግጥሞች አንብቦ "ይሁን" ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍዎን ባገላብጥ፣ ያረመውም፣ ያሳተመውም፣ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ያደነቀውም እርስዎ ሆነው አገኘሁ። እጅዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

3. ለቅሶ ስለደረሱንም እናመሰግናለን። ዓይንዎን በጨው አጥበው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡና የሞተ ደራሲ መጽሐፍ ጥሩ ገበያ እንዳለው በለሆሳስ አስረዱን፤ ረቂቁን ከቤት ፈልገን እንድንሰጥዎትም ጠየቁን። ቀጥለውም የልብ ወለዱ እናት ስትሞት እንባ እንደተናነቀዎት ለለቀስተኛው ተናገሩ። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ እናት የለችም። እናቴ ግን ባሏ የተነበበ መስሏት አንገቷን ደፍታ አመሰገነችዎት። ያንን ደስታ አልነጠቅኳትም፤ ይህንን ደብዳቤም አላነብላትም። እርስዎን ግን በዚያች ደቂቃ ጠላሁዎት።

4. ቤት ውስጥ ፈልጉት ያሉን ረቂቅ እርስዎ ዘንድ እንዳለ ለማስታወስ ቢሮዎ ስመጣ፣ መቀርቀሪያው የተሰበረውን መስኮትዎን ደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ከሱቄ ባመጣሁት ቀይ ክር ያሰርኩት ቋጠሮ ሳይፈታ እንዳለ ነው፤ የገዛ እጄን ቋጠሮ አልስተውም። ጸሐፊዎ ረቂቁ ከተነሳ መስኮቱ ይዘጋል ብላ ስለተጨነቀች የግጥም መጽሐፍዎን ከኮሪደሩ አምጥቼ በቦታው አቆምኩላት። አንዱ ስለሳሳ አራት ደረብኩ። በደንብ ይዞታል።

ልብ ወለዱን ራሳችን አሳትመነዋል። እናቴ የመጀመሪያውን ቅጂ ተቀብላ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ በመዳፏ ስትዳብስ አየሁ፤ እሱ ግን አላየም። ያዘገዩት መጽሐፉን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር እልዎት ነበር።

ከመስኮትዎ የሚገባው አየር ሁልጊዜ ለስላሳ፣ ጸሐፊዎም ሁልጊዜ ታማኝ እንዲሆኑልዎት፣ በግጥሞችዎ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁዎት ሽማግሎችም ዕድሜያቸው ከቀጠሮዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣

የሟች ልጅ፣ አሁን ደግሞ አሳታሚው

ማሳሰቢያ፦ በመስኮቱ በኩል የነበሩትን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዝናብ አጥቧቸዋል። አባቴ ታሪኩን በምን ቃል እንደጀመረው የሚነግረን ሰው የለም፤ ከራሳችንም ልንፈጥርለት አልደፈርንም። ስለዚህ ገጾቹን ባዶ አድርገን አትመናቸዋል። ከግርጌያቸውም የእርስዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ አስፍረናል፤ ከመጽሐፉ ውስጥ እርስዎ የሠሩት እነሱን ብቻ ነውና።