በእኔ በኩል ያለው ፔዳል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ተማሪዬ ነርሷ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ወደቀች። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ሞተር ጠፋባት፤ በሦስተኛው ፈታኙ "በቃ፣ ውረጂ" አላት።

ከእኔ ጋር ሃያ ሁለት ሰዓት ነድታለች። አንድም ቀን ጠፍቶባት አያውቅም። ፈተና ላይ እጅ እግር ይተሳሰራል... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ድጋሚው ሚያዝያ 8 ነው። ካለፈች የተንቀሳቃሽ ክሊኒኩን መኪና ይሰጧታል፤ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል።

"መምህር፣ አሳፈርኩዎት" አለችኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

የማስተማሪያዋ መኪና ፍሪሲዮን ተቃጠለ። በዘጠኝ ወር ሁለተኛው። ሽታው ከልብሴ አልለቀቀም።

ለመካኒኩ ስለ ተማሪዎቼ አማረርኩ። ማርሽ ሲቀይሩ እስከ መጨረሻው አይረግጡም። ከቀየሩ በኋላ እግራቸውን አያነሱም። መብራት ላይ ዜሮ ማርሽ አስገብተው እንደመቆም፣ ረግጠው ይጠብቃሉ። ዝም ብሎ አስጨረሰኝ። ከዚያ በእኔ በኩል ወዳለው በር ዞረና ለክፉ ቀን የተገጠሙልኝን፣ ከተማሪው ጋር የተያያዙትን የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎች በባትሪ አበራባቸው።

"ጋሼ፣ የተማሪውን ፔዳል ጎማ ይዩ። ጥርሱ እንዳለ ነው። የእርስዎን ደግሞ ይዩት፤ እንደ ራሰ በራ አናት ያብረቀርቃል።"

"እና?"

"እናማ ተማሪው ቁጭ ብሎ የሚነዱት እርስዎ ነዎት።"

ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ላስተማረ ሰው እንዲህ ይባላል!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

እግሬን ፔዳሉ ላይ አላሳርፍም። ከፍ አድርጌ ነው የምይዘው። ሁሌም እንደዚያ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ነርሷ መጣች። ፍሪሲዮን ተቀይሮላት በተመለሰችው መኪና ተቀመጥን። ቅዳሜና እሁድ በአማቷ መኪና ስትለማመድ አሥራ አንድ ጊዜ ጠፋባት። ቆጥራዋለች፤ ነርስ አይደለች!

"መምህር፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎት አይቆጡኝም?"

"ጠይቂ።"

"እዚህ መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ እንደ ትራስ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። የአማቴ ግን እግሬን ያስፈነጥረዋል። ለምንድነው?"

"መኪና ከመኪና ይለያያል።"

ጎንበስ ብላ እግሬን አየች። ቀና ብላ ፊቴን አየች።

"እርስዎ ግን ረግጠውታል እኮ።"

አልረገጥኩም አልኩ። ጎንበስ አልኩ... ረግጫለሁ። የግራ ጫማዬ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ይዞት ወርዷል። እኔ ደግሞ በአየር ላይ የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

"ስኳር ከተመረመሩ ስንት ጊዜዎ ነው?" አለች። ድምፅዋ የተማሪ አልነበረም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቴን እርሳስ አስያዝኳትና ጋደም አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የእግር ጣቶቼን ስትነኪኝ እነግርሻለሁ አልኳት።

ቀኝ እግር። "አሁን" አልኩ። "አሁን።" "አሁን።"

ግራ እግር። ጠበቅሁ።

"ጀምሪ እንጂ።"

ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቆየሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?"

"አራት ጊዜ ነካሁህ" አለች።

ባለፈው ዓመት አንዱ ነጠላ ጫማ ወልቆ ሳላውቀው በባዶ እግሬ ሱቅ ደርሼ ስመለስ "እርጅና መጣ" ብላ ስቃብኛለች። ዛሬ ያንን አነሳች። አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

የተማሪዎቼን መዝገብ አገላበጥኩ። ካለፈው መጋቢት ወዲህ ካስፈተንኳቸው ሃያ ስድስት ሰዎች አሥራ አራቱ ወድቀዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወደቁት አምስት ናቸው። ከአሥራ አራቱ፣ ነርሷን ጨምሮ፣ በአሥራ ሁለቱ ስም ትይዩ ፈታኙ የጻፈው ምክንያት አንድ ነው፦ ሞተር ማጥፋት።

ፍሪሲዮን በግማሽ ከተረገጠ ሞተር አይጠፋም፤ እኔ ስረግጥላቸው ከረምኩ። ፈታኙ አልረገጠላቸውም።

ሰነፎች ብያቸዋለሁ። አንዲትን የሦስት ልጆች እናት "አንቺ ለመሪ አልተፈጠርሽም" ብያታለሁ። አልተመለሰችም።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ለነርሷ ነገርኳት። "የጣልኩሽ እኔ ነኝ።" ሰዓቷን አየች። ቀጥላ "ታዲያ እንጀምራ" አለች።

በእኔ በኩል ያለውን የፍሪሲዮን ፔዳል መካኒኩ ፈታልኝ። ፍሬኑ ባለበት ቀረ፤ ቀኝ እግሬ ደህና ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ጀመርን።

ጠፋባት። "ይጥፋ፣ አስነሺ።" ጠፋባት። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች። ጠፋባት። "ከእኔ ጋር ጎበዝ ነበርኩ እኮ!" አለች፤ ሳቅም እንባም መጣባት።

በዘጠነኛው "አትቸኩዪ፣ እግርሽ እስኪነግርሽ ጠብቂ" አልኳት። ለስንቱ ተማሪ ያልኩት ቃል ነው። ሞተሩ ድምፁን ወፈር አደረገ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ብድግ አለ።

"ያዘ!" ብላ ጮኸች። "መምህር፣ እዚህ ጋ ያዘ!"

እኔ በጆሮዬ ብቻ ነው ያወቅሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ስኳር ነው። ቆይቷል አለ ሐኪሙ። የግራ እግሬ ስሜት ላይመለስ ይችላል፤ ቀኙ እንዳይከተለው መጠበቅ ነው። መሪ ከመያዝም፣ ከተማሪ ጎን ከመቀመጥም ከለከለኝ።

የመኪናዋን ቁልፍ የትምህርት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። "አይዞህ፣ የክፍሉን ትምህርት ትይዛለህ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ስለ ወደቁት ሳነሳበት ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"ማን ጠየቀህ? የተዳፈነ እሳት ለምን ትቆሰቁሳለህ?"

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ነርሷ ትናንት አለፈች። ዳገቱ ላይ አንዴ ጠፋባት፤ አስነስታ ወጣችው።

በአውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ሄድኩ። በማስተማሪያዋ መኪና፣ በእኔ ወንበር ሌላ አስተማሪ ተቀምጦ ሲወጣ ከክፍሉ መስኮት አየሁ። ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስለ ማርሽ አስረዳሁ፤ በጠመኔ።

ሞተር ጠፍቶባቸው የወደቁትን የቀሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ስምና ስልክ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር በደብዳቤ ይነገራቸው፣ አምስት አምስት ሰዓት ያለ ክፍያ ይንዱ፣ ድጋሚ ይፈተኑ። የሦስቱ ልጆች እናት ስም ከሁሉም በላይ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይሄ ከተሰማ ማን ደጃችንን ይረግጣል?"

"እነሱስ ለመሪ አልተፈጠርንም እንዳሉ ይኑሩ?"

ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ግልባጩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ይህንን አልነገርኩትም።

መልሱን ሰኞ፣ ሚያዝያ 13 ይሰጠኛል፤ እምቢ ካለ እኔው እደውልላቸዋለሁ።