ወንበሩን ያዞርኩበት ቅዳሜ

ለውቤ፣

ከሄድሽ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ይህን የምጽፈው ስትቀልጂበት በኖርሽው ደብተር ላይ ነው። «እግዜር ራሱ ያንተን ያህል አይመዘግብም» ትይኝ ነበር። አልተውኩትም፤ ማታ ማታ ሦስት አራት መስመር እጽፋለሁ፣ ማን መጣ፣ ምን አይቶ ሄደ፣ ምን አለኝ። ዛሬ ግን ከዚያ ይረዝማል። ፈርቻለሁ ውቤ። ይህችን ቃል እዚህ ደብተር ላይ ጽፌያት እንደሆነ ብዬ ወደ ኋላ ገልጬ ፈለግኩ፤ የለችም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። አቃቂ በሰቃ እንደምታውቂው ነው፤ ሰዉ አሁንም በድሮው ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ለመንገድ ተብሎ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የእኛ አልተነካም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። እህትሽ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብታለች፣ አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ጉልበቷን ታማርራለች። ሱቄ እዚያው ቃሊቲ ነው። አሁንም ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች ቤት ያገለገሉ ጥሩ ጥሩ ስፒከሮችና አምፕሊፋየሮች እየገዛሁ፣ ድምፅ ለሚያሳብዳቸው ሰዎች እሸጣለሁ። ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራው ኢንጂነር ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሰማና «ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። ቤዚ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ቁመቷ ካንቺ አልፏል።

ሁለቱ ትላልቅ ስፒከሮች ሳሎን ውስጥ ቆመዋል። ከሚሄድ ፈረንጅ ቤት ያመጣኋቸው ዕለት ትዝ ይልሻል? ቁመታቸው እስከ ደረቴ፣ እንጨታቸው እንደ ቡና ፍሬ የጠቆረ፣ ለሁለት ሰው የሚከብዱ። በሳምንቱ ልሸጣቸው ነበር ሐሳቤ። እኔ ዕቃ ወድጄ አላውቅም፤ ብወድም ፊቴ ላይ አይታይም፣ እንጀራዬም ይኸው ፊቴ ነው። አንቺ ግን ከክር ፋብሪካው ወጥተሽ፣ ጥጥ ፀጉርሽ ላይ እንዳለ፣ ወንበር ስበሽ ከፊታቸው ተቀመጥሽ። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል አልሽኝ። የክራር መቺው ጥፍር ጅማቱን ሲነካ ይሰማል አልሽኝ። ከዚያ «እነዚህን ከሸጥክ እኔንም አብረህ ሽጠኝ» አልሽ።

አልሸጥኳቸውም። ወንበሩ ከሁለቱም እኩል ርቆ የሚቆምበትን ቦታ ለክቼ ወለሉ ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ያም ያንቺ ቦታ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የምጠራጠረው ዕቃ ሲመጣ ቤት አምጥቼ ላንቺ አሰማለሁ። ውቤ እሺ ካለች እሺ ነው። ሃያ ዓመት ድምፅ ስሸጥ የኖርኩት ሰውዬ፣ ጆሮዬ አንቺ ነበርሽ።

ለዚህ ነው አንድ ቀን «የግራው ደክሟል» ስትዪኝ ያመንኩሽ። ትናንት ገጹን አገኘሁት። «ውቤ የግራው ደክሟል አለች። ሻጩ ሸውዶኛል» ይላል። ለእኔ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ግን ከእኔ ጆሮ ያንቺን አመንኩ። ሽቦዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ቀየርኩ፣ አሁንም የግራው ነው አልሽ። ሌላ ሽቦ ገዛሁ። አምፕሊፋየሩን ለወጥኩ። ያገናኘኝን ደላላ ሳፈላልግ ስንት ቀን ዞርኩ። ወራት እንዲህ ሄዱ። በመጨረሻ ጋሽ ቶላን ጠራኋቸው፤ ሱቄ ከተከፈተ ጀምሮ ዕቃዬን የሚጠግኑልኝን። ሳጥኖቹን ራሳቸውን አንዱን ባንዱ ቦታ አቆሙ። «የግራው» አልሽ። ያኔ አንቺን አስነሥተው ወንበሩን አዞሩት፣ ጀርባሽን ለስፒከሮቹ ሰጥተሽ ተቀመጥሽ፣ ዘፈኑ እንደገና ተከፈተ። አሁን ደግሞ በዚያኛው በኩል ያለው ደከመ አልሽና ሳቅሽ። ብልሽቱ ካንቺ ጋር ዞሮ ነበር። ጋሽ ቶላ አልሳቁም። «ሳጥኑ ጤነኛ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላም ጆሮሽን የጎዳው የፋብሪካው ጩኸት ነው አልን። ስትራመጂ ሲያንገዳግድሽ ድካም ነው አልን። ሐኪም ቤት ሄደን ራስሽ ውስጥ ያለውን ዕጢ በፎቶ ሲያገኙት የዶሮ እንቁላል አክሎ ነበር። ከመጀመሪያው ቃልሽ ሰባት ወር አልፎ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ቀደም ብትሉ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር አለኝ። ይህን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ላንቺም አልነገርኩሽም፤ ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

ስትሞቺ፣ እስከ ሙት ዓመቷ ከዚህ ቤት የዘፈን ድምፅ አይውጣ ተባለ። ስፒከሮቹን በአንሶላ ሸፈንኳቸው። ሙት ዓመትሽ አለፈ፣ አንሶላውን አላነሣሁም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አለፈ። ኢንጂነሩ ደጋግሞ ጠይቆኛል፤ አልሸጥኳቸውም፣ አልከፈትኳቸውምም።

ከአራት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤዚ ጥናቱ ሰልችቷት አንሶላውን ገፈፈችው። ጓዳ ሆኜ ዘፈን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎም ደስ አለኝ፤ ቤቱ ሰው ያለበት መሰለ። ሻይ ይዤ ብቅ ስል ወንበርሽ ላይ ተቀምጣለች። «አባዬ፣ የቀኙ ደክሟል እኮ» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ዘግተነው ይሆን?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያንቺ የግራው ነበር፣ የእሷ የቀኙ ነው አልኩ በልቤ፤ በዚህች ልዩነት ላይ ተንጠለጠልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፒከር እንዳይበላሽ ስጸልይ የኖርኩ ሰው፣ እባክሽ እመቤቴ ይኼኛው ተበላሽቶ ይገኝልኝ ብዬ ተሳልኩ። የዙሪያው ጎማ ደርቆ ይሆናል፣ አይጥ ሽቦውን በልቶት ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። ጎማው ልስልስ ነው። ሽቦው ደኅና ነው። አጠገቡ ተንበርክኬ አዳመጥኩ፣ ለእኔ ሁለቱም እኩል ናቸው። ይህንንም ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ።

ጋሽ ቶላ ስደውልላቸው ወዲያው መጡ። ጆሯቸውን አንዱ ላይ ለጠፉ፣ ሌላው ላይ ለጠፉ፣ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ቀጥለው ወንበሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ያዙሩት አልኳቸው።

«አንተ አዙረው» አሉኝ። «እኔ አንዴ አዙሬ ይበቃኛል።»

አዞርኩት። ቤዚ ወንበሩን አየችው፣ ጋሽ ቶላን አየቻቸው፣ ከዚያ ተቀመጠች። ዘፋኙ ገና አንድ ስንኝ ሳይጨርስ፣ አሁን እኩል ነው፣ ቅድም ተሳስቼ ነው አለች። ጋሽ ቶላ ተመስገን ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። እኔም ተመስገን አልኩ። «እኩል ነው አለች» ብዬ ጻፍኩ።

ግን ነጋዴ ነኝ። ሳይሰማ የሚመልስ ሰው አውቃለሁ። ዋጋ ሳይጠይቅ «አሪፍ ነው፣ አሪፍ ነው» የሚል ሰው ሊገዛ አይደለም፤ ከሱቁ መውጣት ነው የሚፈልገው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩና፣ ለገዢ ላሳያቸው ነው፣ አንዴ ስሚልኝ አልኳት። ዋሸኋት። ዓይኗን ስትጨፍን ከሳጥኖቹ ኋላ ገብቼ የግራውን ሽቦ ነቀልኩት፤ በደንብ የምትሰማውን የግራውን። የቤቱ ግማሽ ድምፅ ጥፍት አለ። ሕፃን ልጅ እንኳን ምን ሆነ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቤዚ ዓይኗን እንደጨፈነች ራሷን ነቀነቀች። «እኩል ነው አባዬ። በቃ ተወው።»

ውቤ፣ ሽቦውን መልሼ ልሰካው ስል ጫፉ የሳጥኑን እንጨት ቷ አድርጎ መታ። ዓይኗን የገለጠችው በዚያ ድምፅ ነው። ሽቦውን እጄ ላይ አየችው። 

«ያኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «ጋሽ ቶላ የእማዬን ወንበር ሲያዞሩ።»

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ውጪ የምትጫወት መስሎኝ ነበር። ወንበር ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ታውቃለች። ከዚያ ሁሉንም አወጣችው፦ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ከጀመረ ቆይቷል፤ ስልክ የምታወራው በግራዋ ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ በግራዋ እንዲሆን ቦታ ቀይራለች። ከእኔ ጋር እየበላች፣ እኔ እያየኋት። በገዢ ፊት ላይ የቅንድብ እንቅስቃሴ የማያመልጠኝ ሰውዬ ይህን አላየሁም።

ፈተናው ይለፍ ብላ ለመነችኝ። ፈተናው ካለፈ የምትለኝ ቦታ እሄዳለሁ፣ ሁለት ወር ምን ያመጣል አለች። ሁለት ወር ምን እንደሚያመጣ የማውቅ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለኝን ያን ጊዜ ነገርኳት። ሰባት ወር በሽቦና በሳጥን ስከራከር እናትሽን ያዘገየኋት እኔ ነኝ አልኳት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ተቆጣች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። «ትሄዳለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

ፎቶ የሚነሡበት ክፍል በር ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። የማሽኑ ኳኳታ ግድግዳውን ያልፋል። ድምፅ ሰምቼ ዋጋ የምገምት ሰው፣ ያን ድምፅ መስማት አቅቶኝ ሁለት ጆሮዬን ያዝኩ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ አይዞህ ወንድሜ አሉኝ፤ ማን እንደታመመብኝ እንኳን አልጠየቁኝም።

ውጤቱን ትናንት ነገሩን። አለ ውቤ። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር አለች፣ በቀኟ በኩል። ሐኪሟ ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ በዘር የሚወረስ ሊሆን ይችላል አለች። ግራው እስካሁን ንጹሕ ነው። አንዳንዱ ሳያድግ ለዓመታት ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ያድጋል፤ በየሦስት ወሩ እየመጣችሁ እንከታተለዋለን፣ ካስፈለገ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ የቀኙን ጆሮ ግን ላናድነው እንችላለን አለች። በጊዜ መጣችሁም አለች። ቤዚ እየደጋገመች የምታወራው ይቀመጣል የተባለውን ነው። እኔ እዚያው ያድጋል የሚለው ላይ ቀርቻለሁ።

ምስር ምን ያህል ጊዜ ምስር ሆኖ ይቆያል? ጠዋት ስትነሣ አረማመዷን አያለሁ። ግድግዳ ከደገፈች ብድግ እላለሁ፤ ጫማ ልታደርግ ነው የደገፈችው። ሱቅ ውስጥም አልተረፍኩም። ኢንጂነሩ ባለፈው አንዱን ስፒከር ሲሰማ «ይኼኛው ደከም አላለም?» ቢለኝ፣ ስለ ዋጋ ሊከራከር እንደፈለገ እያወቅኩ ወንበሩን አዙሬ አስቀመጥኩት። ያበድኩ መስሎታል። በዚያ ቀን «ላስብበት» እንኳን ሳይል ሄደ።

ትናንት ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ቤዚ ፊቴን አየችና ፈርተሃል አይደል አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አልፈራሁም እል ነበር፣ እሷም ታምነኝ ነበር። አዎ፣ በጣም ፈርቻለሁ አልኳት። «እኔም» አለች። እስከ አቃቂ ድረስ እጄን ይዛኝ መጣች።

ላንቺ ዘግይቼ ነው የፈራሁት። ለእሷ በጊዜ እፈራለሁ፤ በየሦስት ወሩ እዚያ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ አንድም ቀጠሮ አላሳልፍም፣ የምትለኝንም በሰማሁበት ቀን እጽፋለሁ። አንቺንም አልረሳሽም። የሞትሽበትን ቀን ብቻ አይደለም፤ ጥጥ ፀጉርሽ ላይ እንዳለ ወንበር የሳብሽበትንም፣ ወንበሩ ሲዞር የሳቅሽውንም። ለቤዚ ስላንቺ ያልነገርኳት ብዙ ነው፤ ከሐዘኑ በኋላ እኮ አውርተን አናውቅም። ዛሬ እራት ስንበላ እጀምርላታለሁ፤ በግራዋ በኩል ተቀምጬ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጣት።

ባልሽ