ለእማዬ የዘራሁት ጦስኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ስቆጥር ሃያ ሦስት በቅሏል። ትናንት አሥራ አራት ነበር።

መጀመሪያ የዘራሁት አንድም አልወጣም። እንደ ባቄላ አፈር ውስጥ ቀብሬው ነበር፤ የጦስኝ ዘር ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል። አሁን እርጥብ አፈር ላይ በትኜ፣ በመዳፌ ጫን ጫን አድርጌ ተውኩት። ዘሩን አልገዛሁም። ቅመም ከምሸጥበት ሱቄ ካለው ደረቅ ጦስኝ ዘር የያዘውን መርጬ በወንፊት አራገፍኩት።

ሾላ ገበያ የሱቅ ጎረቤቴ ሙስጠፋ ሰምቶ፣ "ደረቁን ሸጠሽ ሳትጨርሺ እርጥቡን ጀመርሽ?" አለኝ።

ይሄ አይሸጥም አልኩት።

"አንቺ የማትሸጪው ነገር አለ እንዴ!"

ሳቅን።

እማዬን ከመንዝ አምጥቼ ላምበረት ከአውቶቡስ ካወረድኳት ወዲህ በየቀኑ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። "ልሂድ፣ መሸብኝ" ትላለች። የመንዙ ቤት ተሸጧል ብዬ ብነግራትም ወዲያው ይጠፋባታል። ከሱቅ ደረቅ ጦስኝ ወሰድኩላት፤ አሽትታ "ድርቆሽ ነው" ብላ መለሰችልኝ። እርጥቡን እንደ መንዝ ሜዳ ከነሐምራዊ አበባው እግሯ ሥር ብታየው ትረጋ ይሆናል ብዬ ነው በረንዳ ላይ ሳፋ ውስጥ የዘራሁት። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ራሱ ያብባል። እስከዚያ እሷ ትኖር አትኖር እንደሆነ ማሰብ አልፈለግኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሠላሳ አንድ። ፀሐይ እንዳይበዛበት ሳፋዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

ቁርስ ላይ እማዬ ትክ ብላ አየችኝና "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

"ያንቺ።"

"የኔዋማ አዲስ አበባ ነጋዴ ናት። እናቷን ረስታለች።"

ሱቅ ሄጄ በርበሬ ስመዝን ዋልኩ። ዓይኔን አይቶ ለጠየቀኝ ሁሉ በርበሬው ነው አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አንድም የለም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቀን ቀን እማዬን የምትጠብቅልኝ ዘነበች ደውላ "እትዬ ቶሎ ይምጡ" ብቻ አለችኝ። እማዬ ወደቀች ብዬ ከሾላ ሲኤምሲ ቤቴ ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

አልወደቀችም። በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ። ሳፋዎቹ ጥቁር አፈር ብቻ ናቸው። ጭኗ ላይ የጠወለገ እፍኝ የማይሞላ ቡቃያ አለ።

"ምን ያለሽ ሰነፍ ነሽ! እርሻሽን አረም ሲውጠው ዝም ትያለሽ? ነቅዬ ጨረስኩልሽ።"

ዘነበች ታለቅሳለች። "ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነው እትዬ፣ አንዴ ብቻ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እማዬ" አልኩ። እጇን ሳጥባት ጣቶቿ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታሉ። እሷ አላሸተተችውም። በደንብ በላች፤ በሩ ጋ ሳትሄድ ተኛች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሱቅ ዘግይቼ ሄድኩ። ዘር የያዘ ጦስኝ አልቋል። አዲሱ እስኪመጣ ወራት ነው፤ ቢመጣም እጇን ማሰር አልችልም።

እማዬ ዛሬ ጠዋት በሩ ጋ አልቆመችም። በቀጥታ በረንዳ ወጣች። ባዶውን አፈር በጣቷ እየፈለገች "ዛሬስ የቱ ነው የሚታረመው?" አለች። የለም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ፈለገች።

ዘነበች ቀስ ብላ፣ "ትናንት ሲያርሙ እኮ ይዘፍኑ ነበር" አለችኝ። እኔ እናቴ ስትዘፍን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው።

አበባውን የፈለግኩት ለሷ ነው እል ነበር። ለካ አይታው "ይቺ ልጄ ናት" እንድትለኝ ነበር። አትለኝም። ይሄን መጻፍ ከበደኝ፤ ጻፍኩት።

ጎመንዘር በጥቂት ቀን ብቅ ይላል። እማዬ እያረመች ትንቀለው፣ እንደገና እዘራላታለሁ።

ነገ፦ እህል ተራ፣ አንድ ኪሎ ጎመንዘር። ርካሹ ይበቃል።